ስም ያልተጻፈለት እጅ፦ የአርሲ ደጋ ባለ ሙያዎችና የሥዕል ትርዒት በር

፩

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ዴራን ካለፈ በኋላ አገሩ ከፍ፣ አየሩም ቀዝቀዝ እያለበት ይሄዳል። ኢተያን አልፎ፣ የቁሉምሳን የስንዴ ማሳ እያየ፣ በጠቅላላው 175 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ አሰላ ይደርሳል። ስለ አሰላና ስለ አካባቢዋ ሲነሣ መቼም ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ስንዴና ገብስ፣ ፈረስና ሯጭ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አጠገብ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ መውጣታቸውን የማያውቅ የለም። እስቲ ግን ያንኑ ሰው "ከአርሲ የወጣ የእጅ ጥበብ ባለ ሙያ አንድ ጥራልን" በሉት። ዝም ይላል።

ይህ ሐተታ የተነሣው ከዚያ ዝምታ ነው። ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከዓመታት በፊት፣ በክረምት ዕረፍት፣ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን በአሰላ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ አነስተኛ ትርዒት አዘጋጅተን ነበር። በአንደኛው ግድግዳ ጓደኞቻችን የሠሯቸውን ሥዕሎች ሰቀልን፤ ከእያንዳንዱ ሥር የሠሪውን ስም ከነአባቱ፣ የሥዕሉን አርእስት፣ ዓመቱን፣ "የዘይት ቀለም በሸራ ላይ" እያልን አሳምረን ጻፍን። በሌላው በኩል ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከየቤቱ ለምነን ያመጣናቸውን ስፌቶች፣ በዛጎል ያጌጡ ቅሎች፣ ከእንጨት የተፈለፈሉ ቆሪዎች ደረደርን። ለዚያ ሁሉ ዕቃ አንዲት ወረቀት ብቻ አቆምን፤ "የአርሲ ባህላዊ ዕቃዎች" የምትል።

በሁለተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የልጅ ልጃቸውን ተከትለው ገቡ። በጠረጴዛው ላይ የራሳቸውን ስፌት አዩና ፈገግ አሉ። ቀጥለው ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ "ይኼ ከሥሩ የተጻፈው ምንድነው?" ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። "የሠራው ልጅ ስም ነው፣ እማማ" አልናቸው። ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ያቺን ወረቀት በጣታቸው ነካ አደረጓትና፣ "እዚህስ ማን ሠራው ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ልጆቼ?" አሉን።

መልስ አልነበረንም። ወረቀት ቀደን ስማቸውን ለመጻፍ ተሯሯጥን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ በመጽሔት ላይ ጭምር እንጽፍልዎታለን ቢላቸው፣ "ከእጄ ሥራ አጠገብ ጻፉት፤ ለወሬ አታድርጉት" አሉት። ስለዚህ እዚህም አንጽፈውም። የጠየቁትን ጥያቄ ግን ልንደብቀው አንችልም። በአገራችን የትርዒት ታሪክ ውስጥ ግድግዳው ለማን፣ ጠረጴዛውስ ለማን ተሰጠ? በስሙ የተጠራው ማን ነው? "ባህል" ተብሎ በጅምላ የታለፈውስ? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ ሄድ ብለን በሩ እንዴት እንደተሠራ ማየት ይኖርብናል።

፪

በአገራችን የሠዓሊን ስም መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሁልጊዜም የጥቂቶች ዕድል ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የኖረው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎለት ተገኝቷል። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሞሉት አብዛኞቹ ሠዓልያን ግን ስማቸው አልደረሰንም። የማን ስም ደረሰ ቢሉ፣ ያሠራው ሰው ስም። ገንዘቡን ያወጣው መኰንን ወይም ወይዘሮ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይታያል፤ ከአጠገቡም "እገሌ ያሣለው" ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ ስም የሚጻፈው ለእጅ ሳይሆን ለኪስ የሆነው ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ ገበያ ወጣ። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን የዐድዋን ጦርነት፣ ግብሩን፣ አደኑን በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎችም ይሸጡ ጀመር። የተማረው ክፍል እነዚህን ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ "የእንግዳ መሸጫ" እያለ ነበር የሚያያቸው።

ዘመናዊው ትርዒት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1946 ዓ.ም. አፈወርቅ ተክሌ ከእንግሊዝ አገር ትምህርታቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራቸውን አሳዩ። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ጥረት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበቡን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1964 ለአፈወርቅ ተክሌ፣ በ1965 ለገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በ1967 ለእስክንድር ቦጎሲያን ሰጠ። እንግዲህ በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ሽልማት፣ አዳራሽ፣ የጋዜጣ ሒስ፣ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት፣ ሁሉም አንድ ላይ ቆሙ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አንክድም።

እነዚህን ሰዎች ለመውቀስም አልተነሣንም። እነርሱም ቢሆኑ በር ተከፍቶ የጠበቃቸው አልነበሩም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሰው ረቂቅ ሥዕል ሲያሳዩ "ይህ ደግሞ ምንድነው?" ያላቸው ብዙ ነበር፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት በአሜሪካ ኦክላሆማ ነው ያረፉት። ሥዕሎቻቸው ከጀርመን አገር ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የሴቶቹ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራቂ ደስታ ሐጎስ ናቸው። ስማቸው "የመጀመሪያዋ" እየተባለ እስከ ዛሬ መነሣቱ ራሱ፣ ከእርሳቸው ኋላ ያለው ሰልፍ ምን ያህል ቀጭን እንደነበረ ይናገራል።

ነገራችን ወዲህ ነው። በሩ ሲሠራ ልኩ አብሮ ተሠራ። በአዲስ አበባ መኖር፣ ትምህርት ቤት መግባት፣ በሸራ ላይ መሥራት፣ ስለ ሥራው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መናገር መቻል። ይህን ያላሟላ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ግን ማን ይጠራዋል? የመጥሪያ ወረቀቱ እኮ አሰላ ድረስ አይመጣም።

፫

አሁን ደግሞ ከበሩ ውጪ የቀረውን እንይ።

በአገራችን በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ ረጅም ታሪክ አለው። ብረት የሚቀጠቅጠው "ጠይብ"፣ ቆዳ የሚያለፋው "ፋቂ"፣ ሸክላ የምትሠራዋ "ቡዳ" እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ባረሰበት ማረሻ፣ በተቀመጠበት ኮርቻ፣ በበላበት ምጣድ ሠሪውን የሚሰድብ ኅብረተሰብ ነበርን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ዐዋጁ ጥሩ ነበር፤ ሰውየው ግን ከዐዋጁ በኋላም ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር አልተጋባም። በብዙ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው መሬት እንዳይኖረው፣ ከማኅበር እንዳይቀመጥ ተደርጎ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቆይቷል። የአርሲ ደጋም ከዚህ ነጻ አልነበረም፤ ኦሮምኛው "ቱምቱ" የሚለው ቀጥቃጭ ሥራው ይፈለግ ነበር፣ ዝምድናው ግን አይፈለግም ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በአርሲ ደጋ የጥበቡ ትልቁ ድርሻ የሴቶች ነው። በዛጎልና በጨሌ ያጌጠውን የቆዳ ልብስ፣ የወተቱን ዕቃ፣ ስፌቱን፣ የቤቱን የውስጥ ግድግዳ ጌጥ ያደረጉት ሴቶች ናቸው። ሴት በቤቷ የምትሠራውን ደሞ "ሙያ" እንለዋለን እንጂ "ጥበብ" አንለውም። "ባለ ሙያ ናት" ማለት ምስጋና ነው፤ ነገር ግን ከጓዳ የማያስወጣ ምስጋና ነው።

ከሁሉም በላይ ሲንቄን እንውሰድ። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት፤ ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ትቆረጣለች። ልጅ ስትዳር እናት ለልጇ ትሰጣታለች። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ በተለይም በአራስነቷ ቢመታት፣ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉ ሳይካስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ሲጋደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መካከል ከቆሙ፣ ያንን አልፎ የሚመታ ሰው ነውረኛ ነው። በአቴቴ ሥርዓት ላይ ደግሞ ሲንቄዋን እንደ ያዙ እየዘመሩ ይለምናሉ። ሲንቄ የምትገኝበት የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እስቲ አስቡት፤ አንዲት በትር ሕግም፣ የእናት ስጦታም፣ የሚታይ ውበትም ናት። በየትኛው የትርዒት አዳራሽ ቆማ፣ የቆረጠቻትና ያለሰለሰቻት እጅ ስም ተጽፎላት አየን?

ሌላው ምስክር መቃብር ነው። ከሻሸመኔ ተነሥቶ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ዳር በደማቅ ቀለም የተሣሉ የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮችን ያያል። ሟቹ በፈረስ ተቀምጦ፣ ጦር ወይም ጠመንጃ ይዞ፣ አንበሳ ሲገጥም፣ ከብቱ ከአጠገቡ ቆሞ ይታያል። በድንጋይ ቀርጾ ማቆሙ የቆየ ልማድ ነው፤ ሲሚንቶና የፋብሪካ ቀለም ሲመጣ ሥዕሉ ሰፋ፣ ደመቀ። በመቃብር ላይ ሥዕል ማድረግን የሚቃወሙ የእስልምና መምህራን ስላሉ ክርክር አያጣውም። ክርክሩ የባለቤቶቹ ነው። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ዝናብና ፀሐይ የሚመታው፣ ያለ መግቢያ ዋጋ ለአላፊ አግዳሚው የተከፈተ የሥዕል ትርዒት ነው። የሟቹ ስም በላዩ አለ። የሠዓሊው ስም የለም። ከፍሬ ጽዮን ዘመን ወዲህ ነገሩ ብዙም አልተቀየረም ማለት ነው።

የውጭ አገር ሰዎች ይህንን ጥበብ ከእኛ ቀድመው ነው ያዩት፤ እነርሱም ግን በራሳቸው ዓይን ነው ያዩት። እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 የጀርመኑ የፍሮቤኒየስ ተቋም ጉዞ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲመጣ አልፍ ባይርሌ የሚባል ሠዓሊ አብሮ ነበር። የጉዞው መሪ የየንዘን መጽሐፍ በ1936 ታተመ። የዚያው ተቋም ሰው አይከ ሀበርላንድ ደግሞ ስለ ደቡብ ኦሮሞዎች ያጠናውን ሰፊ ጥናት በ1963 አሳተመ። ብዙ ነገር ጠብቀውልናል፤ እናመሰግናለን። ልብ በሉ ግን፤ ሐውልቱን አይቶ የነደፈው የአውሮፓ ሠዓሊ በስሙ ይታወቃል፣ ሐውልቱን የቀረጸው ያገር ሰው ግን "የአካባቢው ተወላጅ" ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ነገሩ ተሻሻለ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ፣ የተማረው ሰው የናቀውን የሕዝብ ሥዕል ሳይቀር እየሰበሰቡ ሙዚየሙን አደራጁ። ዛሬ ሙዚየሙን የጎበኘ ሰው የሕዝቡን የኑሮ ዕቃ ከልደት እስከ ሞት በሕይወት ቅደም ተከተል ተደርድሮ ያገኘዋል፤ ቅዱሳን ሥዕላቱ ደግሞ ከላይ በራሳቸው ክፍል፣ የሥዕል አዳራሽ ተብለው ተሰቅለዋል። አደራደሩ ዕውቀት ያለበት ነው። ጥያቄያችን ግን ይኸው ነው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደው ደረጃ ምንድነው? ሥዕለ አድኅኖ ለጸሎት የተሠራ የአገልግሎት ዕቃ አይደለም እንዴ? በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራስ፣ መስኮት አይደለም እንዴ? መስኮት ጥበብ ከሆነ፣ ሌማት ለምን ጥበብ አይሆንም?

የእኛው የተማሪዎቹ ታሪክም ከዚህ አያመልጥም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጡ። አርሲ ያኔ ቁስለኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርቱን አሳድጎ ነበር፤ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለ መሬቱ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ማፈናቀል ጀምሮ ነበር። የተፈናቀለ ቤተሰብ ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው ምኑን ነው? ቅሉን፣ ስፌቱን፣ የእናቱን ዕቃ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለጭሰኛው መሬቱን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ዘፈኑና ጭፈራው መድረክ ላይ ወጣ። ያም ቢሆን የእጁ ሥራ ከጨፋሪው ኋላ የመድረክ ማስጌጫ ሆኖ ቆመ እንጂ የራሱ መድረክ አላገኘም።

፬

በሩ ተዘግቶ ብቻ አልኖረም፤ የገፉትም፣ የራሳቸውን የሠሩም አሉ።

ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቢሾፍቱ፣ አንድ ቤት አለ። ለማ ጉያ በአየር ኃይል ያገለገሉ፣ ሥዕልን በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ነበሩ። በሸራ ፈንታ የፍየል ቆዳ ላይ ይሥሉ ነበር። "ፋቂ" ተብሎ የሚሰደበው ሰው ያለፋውን ቆዳ ወስደው የመሪዎችን መልክ ሣሉበት። ከማንም አዳራሽ ሳይጠብቁ ደግሞ በቢሾፍቱ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ብለው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያርፉ ቤቱ ቆሞ ነበር። በር ከተዘጋ በር መሥራት ይቻላል ማለት ነው፤ ሁሉም ግን ቤት የመሥራት አቅም የለውም።

ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የወጡ ሠዓሊ ናቸው። በቀርከሃ ፍልጥና በቆዳ ላይ ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልመዋል። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ሆኖም እንጠይቅ፤ ቀርከሃው በሠዓሊ እጅ ሲገባ ጥበብ ከሆነ፣ በሸማኔ እጅ ሳለ ምን ነበር?

ይህን ጥያቄ በተግባር የመለሰ አንድ ትርዒት እናውቃለን፤ የሚያሳዝነው የተደረገው እዚህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሬይመንድ ሲልቨርማን ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ትርዒት፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን፣ ስፌት ሠሪዋንና ሠዓሊውን እኩል በየስማቸውና በየሕይወት ታሪካቸው አቀረበ። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት የጎጃሙ ቄስ አዳሙ ተስፋው በ2005 በካሊፎርኒያ በፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ትርዒት ተደረገላቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ ሆኖ፣ የአገራችንን ባለ ሙያ ስም ለማግኘት ሚሺጋን ድረስ መሄድ ነበረብን።

ከዓለምም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጊዝ ቤንድ በምትባል የድኾች መንደር ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ስፌት በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ፣ የእያንዳንዷ ሴት ስም ከአጠገቡ ተጽፎ ተሰቀለ። አገሩ ተደነቀ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ከሽያጩ ድርሻችንን አላገኘንም ብለው በ2007 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ስም መጻፍ መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻ ግን አይደለም።

በአገራችንም ብርሃን አለ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በጭቃ ሥራ ጥበብ የተገነባ ነው፤ ሕንጻው ራሱ "የገጠር ሥራ" የሚባለውን አክብሮ ቆሟል። በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን አዳራሽ ከፍታ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች አሳየች። ኮርተናል። ከቬኒስ በር እስከ አሰላ በር ያለው መንገድ ግን አሁንም ረጅም ነው።

፭

አሁን የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እንመልስ። ከራሳችን መካከልም የሚያነሧቸው አሉና።

አንደኛው፣ "ሁሉን ካስገባችሁ ደረጃው ይወርዳል" የሚል ነው። ማን ሁሉን አስገቡ አለ? ስፌት የሚሰፉ ሴቶች የራሳቸው ሒስ አላቸው። አንዷ የሌላዋን ሥራ ገልብጣ ታያለች፤ ወስፌው የገባበትን ትመረምራለች፤ ቀለሙ የት ላይ እንደሳተ በጣቷ ታሳያለች። እኛ የሥዕል መጽሐፍ አንብበን የምንሰጠው አስተያየት ከዚያ አይበልጥም። ደረጃው የሚወርደው ስለ ስፌት የማያውቅ ሰው ስፌት ሲመርጥ ነው።

ሁለተኛው፣ "ዕቃው ከኑሮው ተነጥሎ በግድግዳ ከተሰቀለ ይሞታል" የሚል ነው። ይኼኛው እውነት አለበት። ሲንቄን ከባለቤቷ ወስዶ በምስማር መስቀል ነውር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። ስለዚህ ሲንቄ ብትመጣ ከባለቤቷ ጋር ትምጣ፤ ተናግራባት፣ ይዛት ትመለስ። የመቃብሩን ሥዕል ነቅሎ ማምጣት አይታሰብም፤ ሠዓሊውን ጠርቶ፣ ቀለምና ሰሌዳ ሰጥቶ፣ የአንድ ጀግና ታሪክ ሥልልን ማለት ግን ይቻላል።

ሦስተኛው፣ "እነርሱ ራሳቸው አልጠየቁም" የሚል ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ደግሞስ አልጠየቁም? እኚያ እናት ጠይቀውን የለም?

፮

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሰላ ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ አዳራሽ አታጣም። እኛም ከጥፋታችን የተማርነውን እንናገር።

በመጀመሪያ ስም። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሠሪው ስም ከነአባቱ፣ መንደሩ፣ የሠራበት ዓመት ይጻፍ፤ የሠሪው ስም ከጠፋም "ሠሪው ያልታወቀ" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ እንጂ "ባህላዊ" በሚለው ቃል አይሸፈን። ስሙን እንዲጻፍ የማይፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ፈቃዱ ይከበር። ጽሑፉ በኦሮምኛና በአማርኛ ይሁን። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ እየተጻፈ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የልጅ ልጅ ለአያቱ የሚያነብላት ጽሑፍ በገዛ ቋንቋዋ ካልሆነ ለማን ነው የጻፍነው?

ሁለተኛ መራጮች። ዕቃውን ከሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ሠሪዎቹ ይቀመጡ፤ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ስፌት ሠሪዋም። ለይስሙላ ሳይሆን ድምፅ ኖሯቸው። ባለ ሸራውና ባለ ስፌቱ በአንድ ግድግዳ፣ በአንድ ከፍታ ይታዩ፤ ጠረጴዛና ግድግዳ የሚባለው ልዩነት ይቅር።

ሦስተኛ ገንዘብ። ከበቆጂ ወይም ከሳጉሬ ተነሥታ አሰላ የምትመጣ ሴት የመኪና አላት፤ የቀረባት የገበያ ቀን አላት፤ ቤት የምትተወው ልጅ አላት። "ክብር ነው" ብሎ ባዶ እጇን መመለስ የድሮውን ንቀት በአዲስ ቃል መድገም ነው። ዕቃው ከተሸጠ ዋጋው ለእርሷ ይሁን፤ ስምምነቱም አስቀድሞ ይነበብላት።

አራተኛ ቀንና በር። ትርዒት ማታ በ12 ሰዓት በንግግር ከተከፈተ የሚመጣው የከተማ ሰው ብቻ ነው። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ይከፈት። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚገባበት መንገድም ይኑረው። በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሠሩት ጥልፍ ሲሸጥ ኖሯል፤ ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው አዝኖ ነው። ንድፉን ማን አወጣው፣ ቀለሙን ማን መረጠው ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? እኛ የምንፈልገው የሚታዘንለት ሳይሆን የሚታይ ባለ ሙያ ነው።

ይህ ሁሉ ሰማይ የሚያስነካ ወጪ አይጠይቅም። አብዛኛው የሚጠይቀው እርሳስና ወረቀት፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ መጠየቅን ነው። ታሪካችን እንዳሳየን በሩ የቆመው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ባለመጠየቅም ነው። ፍሬ ጽዮን ስሙ ስለተጻፈ አምስት መቶ ዓመት ተሻግሮ ዛሬ እናወራለታለን። በዶዶላ መንገድ ዳር አንበሳውን የሣለው ሰው ግን ምናልባት ዛሬም በሕይወት አለ፤ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ብቻ ስም የለሽ ሆኗል። የእርሱን ስም ለማወቅ የምርምር ተቋም አያስፈልግም፤ ከመኪና መውረድና መንደር ገብቶ መጠየቅ ይበቃል።

እኚያ እናት በዚያን ቀን ስማቸው ተጽፎ ከስፌታቸው አጠገብ ሲቆም፣ ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸውን አስነበቡት። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበ። እርሳቸውም "ድገመው" አሉት። ደገመው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እኛ ያንን የመሰለ የትርዒት መክፈቻ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየንም።

አንባቢያን ሆይ፣ በየአገራችሁ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ መኖሩን እናውቃለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከጓዳ ያለውን ሌማት፣ ከግድግዳው የተሰቀለውን ቅል አንሡና "ማን ሠራው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሠሪው ከፈቀደ ስሙን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ትርዒት ከሥራው አጠገብ እናቆመዋለን።